የማውሱ ቀስት ለምን ቀጥ ይላል? ከአዳማ አንድ የጽሕፈት ሥራ ቤት የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ያጋጠመው በአዳማ ከተማ ፍራንኮ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። የቤቱ ደንበኞች በአብዛኛው ማመልከቻ የሚያስጽፉ ባለጉዳዮች፣ የቤት ኪራይና የመኪና ሽያጭ ውል የሚያዘጋጁ ሰዎችና የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያስተይቡ ተማሪዎች ናቸው። ቤቱ ሁለት ኮምፒውተሮች ሲኖሩት፣ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው አሮጌውን ነው፤ ፔንቲየም 4 ፕሮሰሰር፣ 512 ሜጋ ባይት ራምና 80 ጊጋ ባይት ሃርድ ዲስክ ያለው፣ በዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሠራ ዴስክቶፕ ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ካቆመ (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014) ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ይህ ማሽን እስካሁን ያልተጣለው ባለቤቷ ገንዘብ ስለሳሳች አይደለም። በመጀመሪያ፣ ብዙ ወረቀት በርካሽ የሚያትመው ሌዘር ፕሪንተር የሚገናኘው በፓራለል ፖርት (በድሮው ሰፊ የፕሪንተር መሰኪያ) ብቻ ሲሆን፣ አዲሱ ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ፖርት የለውም። ሁለተኛውና ክብደት ያለው ምክንያት፣ በቤቱ ለዓመታት የተከማቹት የውልና የማመልከቻ ቅጾች የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ከመግባቱ በፊት በነበረው አሠራር በተሠሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ መሆናቸው ነው፤ እነዚህ ፋይሎች በሌላ ማሽን ላይ ሲከፈቱ በፊደል ፋንታ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ያወጣሉ። ስለዚህ «ጣሉትና አዲስ ግዙ» የሚለው ምክር ለዚህ ቤት መልስ አይሆንም፤ ምክሩን የሚሰጠው ሰው ፋይሎቹን እንደገና የሚተይብ ካልሆነ በቀር።

ችግሩ በባለቤቷ አነጋገር «ማውሱ ስታክ ያደርጋል» የሚል ነበር። ዝርዝሩ ሲጠየቅ የሚከተለው ወጣ። ጠዋት ማሽኑ ከተከፈተ በኋላ ቀስቱ ለጥቂት ጊዜ ደህና ይሄድና፣ ትልቅ ፋይል ሲከፈት ወይም ሲቀመጥ ባለበት ቀጥ ይላል። ቆይታው አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ሰከንድ፣ አንዳንዴ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ቀስቱ እጅ ወደሄደበት አቅጣጫ ዘሎ ይገኛል። ደንበኛ ፊት ቆሞ «ይቺን ቃል ብቻ አስተካክይልኝ» በሚልበት ሰዓት ይህ ሲደጋገም ጸሐፊዋ ማውሱን ጠረጴዛው ላይ መደብደብ መልመዷ አያስገርምም።

ጉዳዩ ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት በርካታ ነገሮች ተሞክረዋል። ማውሱ በተደጋጋሚ ተቀይሯል። ጠረጴዛው በመስታወት የተሸፈነ ስለሆነ ከማውሱ ሥር ወፍራም ካርቶን ተነጥፏል። ይህ ተገቢ እርምጃ ነበር፤ የኦፕቲካል ማውስ አሠራር ከሥሩ ያለውን ገጽ በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ፎቶ እያነሳ ልዩነቱን ማነጻጸር በመሆኑ፣ ንጹሕና አንጸባራቂ መስታወት ላይ የሚያነጻጽረው ነገር ያጣል። ሆኖም መስታወት የሚያመጣው ችግር ቀስቱ እንዲንቀጠቀጥ ወይም ያለ ፈቃድ እንዲንሸራተት ማድረግ ነው፤ ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ብቻ ለብዙ ሰከንድ ቀጥ እንዲል አያደርግም። ካርቶኑ መንቀጥቀጡን አጠፋው፣ መቆሙ ግን ቀጠለ። ቀጥሎ የተጠረጠረው ቫይረስ ነበር። ደንበኞች በየቀኑ ፍላሽ ይዘው በሚመጡበት ቤት ይህ ጥርጣሬ ምክንያት አለው፣ ነገር ግን ፍተሻው ፋይዳ ያለው ነገር አላገኘም።

በመጨረሻ አንድ ባለሙያ ማሽኑን ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫነው። ማሽኑ ዳነ። ለተወሰኑ ሳምንታት ያለ ምንም ቅሬታ ከሠራ በኋላ ግን ያው ችግር ቀስ በቀስ ተመልሶ መጣ። ባለቤቷም ሁሉም ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ ላይ ደረሰች፤ ቫይረሱ ተመልሶ ገባ። ይህ ታሪክ፣ ማለትም ፎርማት አድኖት ተመልሶ መታመሙ፣ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ አሳሳች ሆኖ ታየኝ፤ ኋላ ላይ ግን ቁልፉ ራሱ እሱ ሆኖ ተገኘ።

የቆመው ማን ነው?

እንዲህ ያለ ቅሬታ ሲቀርብ መጀመሪያ መለየት ያለበት፣ የቆመው ቀስቱ ብቻ ነው ወይስ ማሽኑ በሙሉ የሚለው ነው። ሰው ዓይኑ ቀስቱ ላይ ስለሚሆን ሁሉንም ነገር የማውስ ችግር አድርጎ ይናገራል። መለያው ቀላልና ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ነው። ቀስቱ ቀጥ ባለበት ቅጽበት የኪቦርዱን ነም ሎክ ቁልፍ መጫንና መብራቱን ማየት ነው። መብራቱን የሚያበራውና የሚያጠፋው ኪቦርዱ ራሱ ሳይሆን ዊንዶውስ በመሆኑ፣ ወዲያው ከታዘዘ ማሽኑ ነቅቷል፣ ችግሩም ወደ ማውሱ፣ ወደ ገመዱ ወይም ወደ ዩኤስቢ ፖርቱ ያደላል ማለት ነው። ዘግይቶ ከታዘዘ ግን ማውሱ ንጹሕ ነው።

በዚህ ማሽን ላይ ነም ሎክ ሲጫን መብራቱ ቀስቱ እስኪለቀቅ ድረስ አልታዘዘም። በመቆሙ ጊዜ የተተየቡት ፊደላትም አንድ በአንድ ሳይሆን ኋላ ላይ ተከታትለው ዘነቡ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ከማውሱ ሥር ያለው ቀይ መብራት እንደበራ ነበር፤ ዊንዶውስ ዕቃ ሲነቀልና ሲሰካ የሚያሰማው ድምፅም አልተሰማም። ገመዱ አንገቱ ላይ ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል፣ ድምፁም ይሰማ ነበር። ማውሱን በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ስንሰካው ያለ እንከን ሠራ።

የዩኤስቢ ፖርቱን ከጥርጣሬ ለማውጣት፣ ማሽኑን አጥፍተን በጀርባው ባለው ክብ አረንጓዴ ፖርት የድሮ ፒኤስ ቱ ማውስ ሰካን። ማጥፋቱ ለወግ አይደለም፤ ፒኤስ ቱ እንደ ዩኤስቢ ማሽኑ በርቶ እያለ እንዲሰካ አልተሠራም። በዚህም ማውስ ችግሩ ሳይለወጥ ቀረ። ዊንዶውስ አስፈላጊዎቹን ነገሮች ብቻ ይዞ በሚነሳበት በሴፍ ሞድም እንዲሁ ነበር፤ ይህም ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚነሱትን ትርፍ ፕሮግራሞች ከጨዋታው አስወጣቸው።

ቀጣዩን ፍንጭ ያገኘችው ጸሐፊዋ ናት። አጠገቤ ቆማ ስታይ ከቆየች በኋላ «ጋሼ፣ ቀስቱ ቀጥ ሲል ይቺ ቀይ መብራት አትጠፋም» አለችኝ። የጠቆመችው በማሽኑ ፊት ለፊት ያለችውን የሃርድ ዲስክ መብራት ነው። በጤናማ ማሽን ላይ ይህች መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። እዚህ ግን ቀስቱ በቆመ ቁጥር ድፍን ብላ በርታ ትቆያለች፣ ቀስቱ ሲለቀቅ ትጠፋለች። በአጋጣሚ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ አንድ ከባድ ፋይል ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ እንዲገለበጥ አደረግን፤ መብራቷ በራች፣ ቀስቱም ቆመ።

ከዚህ በኋላ ምርመራው ከማውስ ወደ ዲስክ ዞረ። ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍተን ፋይል ስንገለብጥ፣ ፕሮሰሰሩን የያዘው ማንኛውም የታወቀ ፕሮግራም ሳይሆን «ሃርድዌር ኢንተራፕትስ» የሚለው፣ ፕሮሰሰሩ የዕቃዎችን ጥሪ ለማስተናገድ የሚያጠፋውን ጊዜ የሚያሳየው መስመር ነበር። ይህ መስመር በደህና ጊዜ ዜሮና አንድ በመቶ አካባቢ የሚንጠለጠል ሲሆን፣ አሁን ግን የፕሮሰሰሩን አብዛኛውን ጊዜ ወስዶ ነበር። የኤክስፒ ታስክ ማኔጀር ይህን ለብቻው ስለማያሳይ ብዙ ሰው በዚህ ደረጃ ላይ «ሲፒዩ የሚበላ ፕሮግራም የለም» ብሎ ይመለሳል። ቀጥሎ የማሽኑን ዕቃዎች የሚዘረዝረው ዲቫይስ ማኔጀር ተከፍቶ፣ የፕራይመሪ አይዲኢ ቻነል (የድሮ ዲስኮች ከማሽኑ ጋር የሚገናኙበት ዋናው መስመር) ፕሮፐርቲስ ውስጥ አድቫንስድ ሴቲንግስ የሚለው ገጽ ታየ። «ከረንት ትራንስፈር ሞድ» በሚለው ሳጥን ውስጥ የተጻፈው «ፒአይኦ ሞድ» ነበር። ምርመራው በመሠረቱ እዚህ ላይ አበቃ፤ የቀረው ምክንያቱን መፈለግ ነው።

ፒአይኦ ምን ያደርጋል?

በአይዲኢ ዲስኮች ዘመን መረጃ ከዲስክ ወደ ሜሞሪ የሚሄድባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። ዲኤምኤ በሚባለው መንገድ፣ ፕሮሰሰሩ ትእዛዝ ሰጥቶ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል፤ መረጃውን የሚያሸጋግረው የዲስኩ መቆጣጠሪያ ነው፣ ሲጨርስ ብቻ ያሳውቃል። ፒአይኦ በሚባለው ግን ፕሮሰሰሩ ራሱ እያንዳንዷን ባለ 16 ቢት ቁራሽ ከዲስኩ እየተቀበለ ወደ ሜሞሪ ያስገባል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ መዝገብ ቤት ወርዶ ፋይል ሲሸከም እንደመዋል ማለት ነው፤ ፊርማ ፈልጎ በሩ ላይ የቆመው ባለጉዳይ መጠበቁ አይቀርም። እዚህ ጋ ባለጉዳዩ ማውሱ ነው። እጅ ሲንቀሳቀስ ማውሱ መልእክቱን በአግባቡ ይልካል፣ ነገር ግን የሚቀበለው ፕሮሰሰር ዲስክ ሲያገለግል ስለሚዘገይ ቀስቱ ባለበት ይቀራል። ፍጥነቱም ቢሆን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ አልትራ ዲኤምኤ ሞድ 5 በሰከንድ እስከ 100 ሜጋ ባይት ማስተላለፍ ሲችል፣ ፈጣኑ የአይዲኢ ፒአይኦ ሞድ 4 ጣሪያው 16.7 ነው፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል።

ማንም ሰው ሆን ብሎ ማሽኑን ወደ ፒአይኦ አላወረደውም። ያወረደው ዊንዶውስ ራሱ ነው። የኤክስፒ የአይዲኢ ድራይቨር ከዲስኩ ጋር በሚያደርገው ልውውጥ የጊዜ ማለፍ ወይም ሲአርሲ የሚባለው የመረጃ ማረጋገጫ ስሕተት ሲደርስበት ይቆጥራል። ድምሩ ስድስት ሲሞላ፣ በዝግታ መሄድ ስሕተትን ይቀንሳል በሚል ስሌት የማስተላለፊያውን ደረጃ ዝቅ ያደርጋል። ስሕተቱ ከቀጠለ ደረጃ በደረጃ እየወረደ መጨረሻ ላይ ፒአይኦ ይደርሳል፣ ከዚያም በራሱ ተመልሶ አይወጣም። ለተጠቃሚው የሚያሳየው ማስጠንቀቂያ የለም፤ በእኔ ግምት በዚህ አሠራር ውስጥ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

የፎርማቱ እንቆቅልሽ የተፈታውም በዚሁ ነው። ይህ ደረጃ የመቀነስ ውሳኔ የሚቀመጠው በዊንዶውስ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ ስለሆነ፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ቆጠራውም ውሳኔውም አብረው ይሰረዛሉ። ማሽኑ በሙሉ ፍጥነት ይነሳል፣ ባለሙያው ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል። ስሕተቱን የሚያመነጨው ነገር ግን በቦታው ስላለ፣ ቆጠራው ከአንድ ብሎ ይጀምርና ከሳምንታት በኋላ ማሽኑ እዚያው ይመለሳል። ዊንዶውስ የደረሰበትን ስሕተት የሚመዘግብበት ኢቨንት ቪወር ውስጥ የሲስተም መዝገቡን ስንመለከት ይህ በግልጽ ተነበበ። አታፒ በሚባለው የአይዲኢ ድራይቨር ስም የተመዘገቡ የ«ፓሪቲ ኤረር» (የመረጃ መበላሸት) ማሳሰቢያዎች ከፎርማቱ በኋላ ባሉት ቀናት ተራርቀው ይታዩና፣ እየተጠጋጉ መጥተው በአንድ ቀን ላይ ድንገት ይቋረጣሉ። መቋረጣቸው የመዳን ምልክት አይደለም። ሲአርሲ ማረጋገጫ የሚሠራው በአልትራ ዲኤምኤ ብቻ በመሆኑ፣ ማሽኑ ፒአይኦ ላይ ከወደቀ በኋላ ስሕተቱን የሚያይ ዓይን አልነበረም።

የስሕተቱ ምንጭ ዲስኩ ነው ወይስ ኬብሉ? ይህ ጥያቄ ገንዘብም መረጃም የሚያስከፍል ስለሆነ በግምት አይመለስም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ፕሮግራም የዲስኩ የራሱ የጤና መዝገብ ታየ። ከመዝገቡ ሦስት መስመሮች ለዚህ ጉዳይ ይበቃሉ። ቁጥር 5 ዲስኩ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተካቸውን ቦታዎች፣ ቁጥር 197 ማንበብ አቅቶት ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ ቁጥር 199 ደግሞ በጉዞ ላይ የተበላሸውን መረጃ ይቆጥራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዜሮ ሲሆኑ 199 ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህም የዲስኩ ገጽ ደህና መሆኑንና መረጃው የሚበላሸው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ባለው መንገድ ላይ መሆኑን ያመለክታል። ሁለቱ ቁጥሮች ከፍ ብለው ቢሆን ኖሮ ወደ ጥገና ሳይሆን በቀጥታ ፋይል ወደ ማዳን መሄድ ያስፈልግ ነበር።

ማሽኑ ተነቅሎ ክዳኑ ተከፈተ። የአዳማ ንፋስና አቧራ ለሚያውቅ ሰው የውስጡ ሁኔታ አዲስ አይሆንበትም፤ የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ ሥር ግራጫ ጥጥ የመሰለ ነገር ተጋግሮ ነበር። ውጭ በረንዳ ላይ በብሎወር ተነፋ። ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው ሰፊና ጠፍጣፋ ኬብል ወደ ጎን ተገፍቶ፣ በዲስኩ ማቀፊያ ብረት ጠርዝና በክዳኑ መካከል ተቆንጥጧል። እጥፋቱ ላይ ከዳሩ ያሉት ጥቂት ሽቦዎች ልባሳቸው ነጥቶ ተሰንጥቋል፤ በጥፍር ሲነኩ የሽቦው መዳብ ይታያል። ክዳኑ በተዘጋ ቁጥር ያችው ቦታ ትጫናለች። ማሽኑ መቼ ተከፍቶ በምን ሁኔታ እንደተዘጋ ማጣራቱ ፋይዳ ስላልነበረው ወደ ጥገናው ታለፈ።

ከማንኛውም ንክኪ በፊት ሰነዶቹ ሁሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ ተገልብጠዋል። በፒአይኦ ፍጥነት ይህ ረጅም ሰዓት ወስዷል፣ ግን መዝለል የሚቻል አልነበረም። ቀጥሎ ተለዋጭ ኬብል መፈለግ መጣ። የአይዲኢ ኬብል በአሁኑ ጊዜ ሱቅ ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ ስላልሆነ፣ ከተጣለ ማሽን ተፈቶ መጣ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ከውጭ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ሁለት ዓይነት ኬብሎች አሉ፤ አንደኛው 40 ወፍራም ሽቦዎች፣ ሌላው 80 ቀጫጭን ሽቦዎች ያሉት ሲሆን፣ ከሞድ 2 በላይ ላለው አልትራ ዲኤምኤ የሚያስፈልገው ባለ 80ው ነው። ባለ 80 ኬብል ጫፎች በቀለም ይለያሉ፤ ሰማያዊው ወደ ማዘርቦርዱ፣ ጥቁሩ ወደ ዋናው ዲስክ፣ መሀል ያለው ግራጫው ወደ ሁለተኛው ዕቃ ይሰካል። ኬብሉ በማቀፊያው ውስጠኛ በኩል ታልፎ በማሰሪያ ተያዘ፣ ክዳኑ እንዳይነካውም ተረጋገጠ።

ኬብል መቀየሩ ብቻውን ማሽኑን አያድነውም፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ የቀድሞ ውሳኔውን ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ፕራይመሪ አይዲኢ ቻነል አንኢንስቶል ተደርጎ ማሽኑ ሪስታርት ሆነ። ዊንዶውስ ቻነሉን እንደ አዲስ ዕቃ አግኝቶ ሲያስገባው፣ ሳጥኑ ውስጥ «አልትራ ዲኤምኤ ሞድ 5» የሚል ተነበበ። ይህ እርምጃ ኬብሉ ሳይቀየር ቢወሰድም ማሽኑ ለጥቂት ሳምንታት ይድን ነበር፣ ልክ እንደ ፎርማቱ፤ ልዩነቱ ፋይል ሳይጠፋና ዊንዶውስ እንደገና ሳይጫን በደቂቃዎች ውስጥ ማለቁ ነው።

ለሙከራ ስንገለብጠው ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጅ የነበረው ፋይል ከግማሽ ደቂቃ በታች አለቀ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀስቱ ያለ መቆራረጥ ሄደ፣ የነም ሎክ መብራትም ወዲያው ታዘዘ። የተሠራው ጥገና የሚጸና መሆኑን ለማወቅ ግን የአንድ ቀን ሙከራ አይበቃም፤ ፎርማቱም በመጀመሪያው ቀን የተሳካ መስሎ ነበር። የ199 መስመር ቁጥር የሚደመር እንጂ የሚቀንስ ስላልሆነ፣ የዚያን ዕለት ንባብ በወረቀት ተጽፎ በማሽኑ ጎን ተለጠፈ። ጸሐፊዋ በየሳምንቱ መጀመሪያ ፕሮግራሙን ከፍታ ታነጻጽራለች። ፎርማቱ ቆይቶበት ከነበረው ጊዜ በላይ አልፎ ቁጥሩ ባለበት ነው፣ የማስተላለፊያው ሞድም አልወረደም።

ተመሳሳይ ቅሬታ ያለበት፣ ግን ከዚህ ዘመን የቀረበ ማሽን የያዘ አንባቢ ፒአይኦን ከመፈለጉ በፊት ሌሎች ነገሮችን ቢያይ ይሻለዋል። አይዲኢን በተካው በሳታ ዲስክም የ199 መስመር ተመሳሳይ ትርጉም አለው። ነም ሎክ ወዲያው እየታዘዘ ቀስቱ ብቻ የሚቆም ከሆነ ግን፣ በላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ የዩኤስቢ ፖርቱን እንዳያጠፋው በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ መከልከል ይገባል፤ ማውሱ ገመድ አልባ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ታይቶ፣ መቀበያው ከዩኤስቢ 3 ፖርት አጠገብ ካለ ወደ ሌላ ፖርት መዛወር አለበት፣ ምክንያቱም ዩኤስቢ 3 የሚያመነጨው ረብሻ ማውሱ የሚጠቀምበትን የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ያውካል።

በፍራንኮው ማሽን ላይ አንድ ቅሬታ ቀርቷል። ፎቶ የበዛበት የመመረቂያ ጽሑፍ ተከፍቶ በጎኑ ሌላ ፕሮግራም ሲነሳ ማሽኑ ይከብዳል፣ ቀስቱም ይጎተታል። ይህ የ512 ሜጋ ባይት ራም ጉዳይ ነው፤ ዊንዶውስ የጎደለውን ሜሞሪ ከዲስኩ ስለሚበደር መብራቷ እንደገና ትበራለች፣ ነገር ግን ሃርድዌር ኢንተራፕትስ ዝቅ እንዳለ ይቆያል። ለማዘርቦርዱ የሚስማማ የድሮ ራም እስኪገኝ ድረስ ፎቶ ያለባቸው ሥራዎች በአዲሱ ኮምፒውተር እንዲሠሩ፣ አሮጌው የድሮዎቹን ቅጾችና የሌዘር ፕሪንተሩን ብቻ እንዲያስተናግድ ከባለቤቷ ጋር ተስማምተናል።